አሮጌ ፍሬንች ሆርን እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታደሳል?

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ናት፤ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። «ጋሼ፣ ሆርኑን አገኘሁልህ። ሰውዬው ቤት ነኝ። ልግዛው ወይስ ልተወው?» አለችኝ። እዚያ ገና አመሻሽ ነው። በስልኩ መስኮት ቡናማ ሳጥን ተከፍቶ ይታየኛል። ውስጡ ክብ ተጠቅልሎ የተኛ፣ ደብዘዝ ያለ ቢጫ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ ፍሬንች ሆርን።

ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። እኔ ልነካው አልችልም፤ የሷ እጅ ግን አለልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል «ይህን ሳቢ፣ ያን ተጫኚ፣ መብራቱን ወደዚህ አምጪው» ስላት ቆየን። በመጨረሻ «ግዢው» አልኳት። ያ ሆርን ዛሬ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ በአንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ ነው። ያን ሌሊት ያየሁትን፣ ሆርኑ ከመጣ በኋላም የለወጥኩትን ልጻፍላችሁ። አንድ ሌላ ልጅ ወይም አንድ ሌላ አባት ይጠቀምበታል።

እኔ አሥራ ሰባት ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ ሆርን ነፍቻለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ አምስት ልጆች አስተምራለሁ። የነሐስ ባንድ ታሪካችን ሲነሳ አርባ ልጆች አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ጎንደርም መለከትና ነጋሪት የነገሥታት ድምፅ የነበረበት ከተማ ነው። ሆርንን ግን ከባንድ ቤት ውጭ ማየት ብርቅ ነው። እዚህ ሆርን የሚሸጥም፣ ለሆርን ብሎ የተማረ ጠጋኝም እኔ አላውቅም። ስለዚህ የኛ ምርጫ ከቨርጂኒያው ሰው ምርጫ ይለያል። እሱ ቢበላሽበት ወደ ጠጋኙ ይወስደዋል። እኛ የምንገዛው በራሳችን እጅ፣ ቢበዛ በአንጥረኛ እጅ ልናቆየው የምንችለውን ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱን እንወቅ። ነጠላ ኤፍ ሆርን አለ፤ ኤፍ የተቃኘበት ድምፅ ስም ነው፤ ቱቦው ተዘርግቶ ቢለካ 3.7 ሜትር ገደማ ነው። ነጠላ ቢ ፍላት አለ፤ እሱ 2.75 ሜትር ገደማ። ደብል የሚባለው ሁለቱን ባንድ አካል የያዘ ነው፤ በአውራ ጣት ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ይህ የደብል አሠራር የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ጀርመን ኤርፉርት ከነበረው ከሆርን ሠሪው ከክሩስፐ ቤት ነው። ርዝመቱን የማነሳው በምክንያት ነው። ቱቦው ሲረዝም ከፍ ያሉት ድምፆች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ከንፈር ትንሽ ከሳተ ጎረቤቱ ድምፅ ይወጣል። በአሮጌ ነጠላ ኤፍ የጀመረ ልጅ «አልችልም» ብሎ የሚተወው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ነጠላ ኤፍ ይረክሳል፣ አውቃለሁ። አቅም ካለ ግን ያረጀም ቢሆን ደብል ይሻላል። በጣም ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ነጠላ ቢ ፍላት፤ ቀለል ይላል።

ስለ ሠሪዎቹ ስም ብዙ አልልም። የጀርመኑ አሌክሳንደር 103 እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ያለ ነው። የአሜሪካው ኮን 8ዲ በ1937 ወጣ፤ አሠራሩን የወሰደው ከክሩስፐ ነው። የቼኮቹ አማቲና ሊድልም አሉ፤ እኔ ያደግሁት በነሱ ነው። የእህቴ ልጅ ያገኘችው ኮን 6ዲ ነበር፤ የ8ዲ ወንድም ነው፣ የደወሉ፣ ማለትም ድምፅ የሚወጣበት የሰፊው አፍ፣ ጉሮሮ ግን ጠበብ ይላል። ኮኖች ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ሲሠሩ የነበሩት ይፈለጋሉ፤ እ.ኤ.አ. ወደ 1970 ገደማ ፋብሪካው ወደ ቴክሳስ ሄደ። ደወሉ ላይ «ኤልክሃርት» የሚል ጽሑፍ አለ ስትለኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን በጽሑፍ አይነፋም። አንድ ነገር ደግሞ ላክል፤ 8ዲ ነጭ ሆኖ ሲታይ «ብር ነው» የሚሉ አሉ። ኒኬል ሲልቨር ይባላል እንጂ ብር የለበትም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። እንደ ብር አትግዙት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የአሮጌ ሆርን ሕይወቱ ሮተሮቹ ናቸው። ሮተር ማለት ቁልፉን ስትጫኑ ውስጥ የሚዞረው በርሜል ነው፤ ከነቤቱ ቫልቭ ይባላል። በርሜሉና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ መሆን አለበት። ከሰፋ ትንፋሽ ያመልጣል። ትንፋሽ ካመለጠ ድምፁ አይያዝም። ተጫዋቹ ቢለፋ፣ ቢለማመድ ለውጥ የለውም።

የሚፈተነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰውዬው ወፍራም ዘይት ቀብቶ ከሆነ ይጠረግ፤ ወፍራም ዘይት ቀዳዳውን ለአንድ ቀን ይደፍነዋል። ቀጥሎ ቁልፉን ሳትጫኑ የአንደኛውን ቫልቭ ስላይድ፣ ማለትም ተስቦ የሚወጣውን ቱቦ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ግን አታውጡት። ሦስት፣ አራት ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ። «ቧ» ካለ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ አየር አጥቶ ቆይቷል ማለት ነው። ዝም ካለ ወይም «እስስ» ካለ አየሩ በሮተሩ ጎን ቀድሞ ገብቷል። ይህን በኤፉም በቢ ፍላቱም ወገን፣ በእያንዳንዱ ቫልቭ ላይ አድርጉ።

በስልክ እንኳ ይሰማል። አንደኛው «ቧ» አለ። ሁለተኛውም። የሦስተኛው የኤፍ ወገን «እስስ» ብሎ ቀረ። ዝም ብዬ አሰብኩ። የዚያ ስላይድ ሥራ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ልጆቼ ከፍ ሲል በቢ ፍላት ነው የሚነፉት። አለፍኩት። አንደኛው ቢሆን ኖሮ ስልኩን ዘግቼ እተኛ ነበር።

ከዚያ ነቅነቅ ማድረግ አለ። ሮተሩን የሚያዞረውን ክንድ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት። ቀጭ ቀጭ ካለ መቀመጫው ተበልቷል። የተበላ ሮተር ውጭ አገር በብረት ተለብጦና ተሞርዶ ይመለሳል፤ ዋጋው ግን ከአሮጌው ሆርን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ደግሞ የሚሠራው የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሮዝ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ ድንገት። መብራቱን አስጠጋች። ከንፈር ከሚገጥምበት ከማውዝፒሱ ቀጥላ ያለችው ረጅም ቱቦ፣ ሊድፓይፕ የምንላት፣ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ። ምስር ያካክላሉ። ዙሪያቸው ሮዝ፣ መሐላቸው ጠቆር ያለ። ይህ ቀይ መበስበስ ነው። ቢጫ ነሐስ ከመቶ ሰባው መዳብ፣ ሠላሳው ዚንክ ነው። ምራቅና እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ይወጣል፤ የሚቀረው ስስና ቀዳዳ የበዛበት መዳብ ነው። ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ውጭ ከታየ ውስጡ ቀድሞ ተበልቷል። ላዩ ላይ ያለ የጣት እድፍ ወይም ዝገት ግን ሌላ ነው፤ ሲፈትጉት ይለቃል።

ሊድፓይፕ ላይ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፣ ግን ዋጋ አስቀንሱበት። ሊድፓይፕ በስታኞ የተያያዘች አንድ ቱቦ ናት፤ ለሞዴሉ የምትስማማ አዲስ ይገኝላታል። ደወሉ ጉሮሮና በቫልቮቹ ዙሪያ ባሉ ቱቦዎች ላይ ከተበተነ ግን ተዉት። የኛዋን እስከ ዛሬ አልለወጥናትም። ልጅቷ ከነፋች በኋላ ውሃውን ሁሉ ታፈሳለች፤ በሳምንት አንዴ ለብ ያለ ውሃ ታሳልፍባታለች። ነጠብጣቦቹ በዚያው መጠን አሉ።

ጎድጓዳ ምቶችን በተመለከተ፣ ደወሉ ላይ ያለ ምት ዓይንን እንጂ ድምፅን ብዙም አይጎዳም። ወደ ማውዝፒሱ በተጠጋ ቁጥር ግን ቱቦው ስለሚጠብ ትንሹም ምት ይጎዳል።

በጣም ለቆየ ሆርን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ አንዳንዶቹ ለያኔው ከፍተኛ መቃኛ የተሠሩ ናቸው። ዋናውን ስላይድ ሙሉ በሙሉ ብትስቡት እንኳ ከፍ ብለው ይቀራሉ፤ ከዛሬ ባንድ ጋር አይገጥሙም። የሚነፋ ሰው ካለ በስልክ መቃኛ ያስሞክር። ከሌለ በጣም የቆየውን አትድፈሩ። ደግሞ ጎንደር ሲመጣ ዝቅ ብሎ ቢሰማችሁ «ከፍታው ነው» የሚሏችሁ አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ ግን መቃኛን የሚያወርደው ከፍታው ሳይሆን ብርዱ ነው። በቀዝቃዛ አየር ድምፅ በዝግታ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስደዱበት፣ ከዚያ ቃኙ።

ስላይዶቹ ሁሉ መንቀሳቀሳቸውንም እዩ። የተጣበቀ ስላይድ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ግን ማን እንደሚነካው ተጠንቀቁ። እኔ በዚህ አንድ ሆርን ቀብሬያለሁ። የራሴ የመጀመሪያው አሮጌ ሆርን የአማቲ ሥራ ነበር። ዋናው ስላይድ ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የብየዳ ሠራተኛውን «አሙቅልኝ» አልኩት። በጋዝ ነበልባል አሞቀው፣ በፒንሳ ያዘና ጎተተው። ስታኞው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ማያያዣዎቹ ተራገፉ፤ ቱቦው ተጨማደደ። ስታኞ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፤ የዚያ ነበልባል ሙቀት ከ3,000 በላይ ነው። የመኪና አካል የሚችለውን ሆርን አይችለውም። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ነው። የዛገ ብሎን የሚያላቅቀውን ዘይት መጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሌሊቱን ይደር። ነገም ድገሙት፤ ከነገ ወዲያም። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሱትና መቀነት በስላይዱ ጉብጠት አሳልፋችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ፣ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት አቅጣጫ ጠበቅ ጠበቅ እያደረጋችሁ ሳቡ። እናቴ ታጠቀው የነበረ መቀነት አለኝ፤ ሦስት ስላይድ አውጥቶልኛል።

ሆርኑ በአውሮፕላን ሲመጣ በሳጥኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ግድ ነው። የእህቴ ልጅ ደወሉን በካልሲ ሞላችው፤ ጎንና ጎኑን በሹራብ ጠቀጠቀችው። ሻንጣ ጣዮች የሚያደርጉትን ማወቅ አይቻልም። በሰላም ገባ።

አሁን እድሳቱ። መጀመሪያ እጥበት ነው። ስላይዶቹን ሁሉ አወጣን። በትልቅ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ላርጎ። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ቫርኒሹን ያነሣዋል። ሮተሮቹን ግን ለመንቀል አትቸኩሉ። በሥርዓት ካልወጡ ጠርዛቸው ይጎዳል፤ እያንዳንዱም ከራሱ ቤት ውጭ አይገጥምም። ውሃ አሳልፋችሁ ዘይት ጨምሩ። ለመቀመጫዎቹ የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። ለስላይዶቹ ቫዝሊን ይሆናል።

ቀጥሎ ክሩ። ብዙ ሆርኖች ቁልፉን ከሮተሩ ጋር የሚያገናኙት በክር ነው። የቆየ ክር በልምምድ መሐል ይበጠሳል። መጀመሪያ ጎርጎራ ሄጄ የዓሣ መረብ ክር ገዛሁ። ባለ አንድ ዘር ናይለን ነበር፤ ያዳልጣል፣ ይለጠጣል፣ ቁልፉ በሳምንቱ ዝቅ አለ። ከዚያ ሰፈራችን ያለ ጫማ ሰፊ በሰም ያሸውን ክር ሰጠኝ። ሁለት ወር አገለገለን። ከሁሉም የሚሻለው የተጎነጎነ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ጥቅል ዕድሜ ልክ ይበቃል።

አተሳሰሩን ላሳያችሁ። አንዱን ቫልቭ ብቻ ፍቱ፤ የቀሩት እንደ ናሙና ይቆዩላችሁ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና ጫፉን ቋጥሩ። ክሩን በቁልፉ ክንድ ላይ፣ ወደ መሐል ባለው ቀዳዳ አሳልፉት፤ ቋጠሮው ይይዘዋል። ከዚያ ክሩን በሮተሩ አናት ዙሪያ አዙሩት። እዚያ ያለችውን ትንሽ ብሎን ዞሮ ክሩ ስምንት ቁጥር ይምሰል። ብሎኗን ለጊዜው ላላ አድርጋችሁ ተዉአት። ክሩን በክንዱ ጫፍ ባለው ቀዳዳ አውጡና በጫፉ ብሎን ጠምጥማችሁ አጥብቁ። አሁን ቁልፉን ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ያዙት። እንደያዛችሁ የሮተሩን ብሎን አጥብቁ። ልጅቷ ይህን የመጀመሪያ ቀን ለመሥራት አንድ ሰዓት ፈጀባት። አሁን ቡና እስኪፈላ ትጨርሳለች።

ክር ሲለወጥ ቡሾቹንም እዩ። ሮተሩ ሲዞር የሚያቆሙት ሁለቱ ትንንሽ ቡሾች ናቸው። በበጋችን ደረቅ አየር ይኮማተራሉ። ሲኮማተሩ ሮተሩ ከቦታው አልፎ ይቆማል፤ ቀዳዳዎቹ አይገጣጠሙም፤ ድምፁ ይታፈናል። የኋላውን ክዳን ፍቱ። በሮተሩ ዘንግ ላይ ጭረት አለ፣ በዙሪያው ሳህን ላይ ደግሞ ሁለት ጭረቶች። ቁልፉ ሲለቀቅ ከአንዱ፣ ሲጫን ከሌላው ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ካልሆነ አዲስ ቡሽ ቁረጡ። እኔ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ተጠቀምኩ። ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ አስገቡና በምላጭ ጥቂት ጥቂት እየላጣችሁ ጭረቶቹን አገጣጥሙ። ይህን ያደረግን ዕለት የልጅቷ ዝቅተኛ ድምፅ ድንገት ተከፈተ። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ሆርን የያዘች መስሏት ነበር።

እጇ ትንሽ ነው። ትንሿ ጣት የምትገባበት መንጠቆ ሩቅ ስለነበረ ጣቶቿ ቁልፎቹን በጫፋቸው ብቻ ይነኩ ነበር። መንጠቆውን ማቅረብ ያስፈልጋል። ግን ወዲያው አላስነቀልኩም። ከሽቦ ሌላ መንጠቆ ሠርቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አሰርኩት። ሁለት ሳምንት ነፋችበት። አንድ ጊዜ አዛወርነው። ቦታው ሲረጋ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ፒያሳ ወዳለ አንጥረኛ ወሰድኩት። ከድሮው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ቀርቧል። አንጥረኛው የጆሮ ጉትቻ የሚሠራ ሰው ነው፤ ለትንሽ ሙቀት እጁ የሰለጠነ። በዙሪያው ያሉትን መጋጠሚያዎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልናቸው፤ ሙቀቱ እንዳይደርስባቸው። ስታኞ ብቻ፣ ብየዳ የለም። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የአውራ ጣት ቁልፉን ደግሞ ከፍ ያደረግነው በላዩ ቡሽ በማጣበቅ ብቻ ነው። ስታድግ ይነሣል።

ማውዝፒሱ ሊድፓይፑ ውስጥ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። የአውሮፓና የአሜሪካ ማውዝፒሶች እግራቸው ይለያያል፤ ከአሮጌ ሆርን ጋር የመጣው ሁልጊዜ የሱ አይደለም። ከተንቀጠቀጠ ወይም ብዙ ከገባ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እግሩን በስስ ወረቀት አንድ ዙር ጠቅልላችሁ ሞክሩ። ድምፁ ከተሻሻለ ሌላ እግር ያለው ያስፈልጋችኋል።

ደወሉን ቆርጦ በጥርስ እንዲፈታ ማድረግ አለ። ለጉዞ ይመቻል፣ ሳጥኑም ያንሳል። እኔ ጤነኛ ደወል አላስቆርጥም። የተቆረጠ አይመለስም፤ እዚህም በትክክል የሚገጥመው የለም። ከተቆረጠ ሆርን ጋር ከተገናኛችሁ ግን አትሽሹት፤ ቀለበቶቹ ሳይጎዱ ከገጠሙ ጥሩ ነው።

ማንጻት ላይ አንድ ነገር ብቻ። የልጅቷ እናት ሆርኑ ደብዝዞ አይተው አዘኑ። እንደ ቤት ዕቃቸው በሎሚና በአመድ ሊፈትጉት ሳፋ አቅርበው ደረስኩ። «እትዬ፣ ይተዉት» አልኳቸው። ሎሚው ዚንኩን ይበላል፤ አመዱ የቀረውን ቫርኒሽ ይፍቃል፤ በየጊዜው ብረቱ ይሳሳል። በለስላሳ ጨርቅ ላቡን መጥረግ ይበቃል። ቅር ሳይላቸው ከአሮጌ ነጠላቸው አንድ ቁራጭ ቀድደው ሰጧት፤ እስከ ዛሬ የምትጠርገው በሱ ነው።

የምታወጡትን ሁሉ አትጣሉ። የድሮው መንጠቆ፣ የተረፉት ብሎኖች፣ ያረጁት ቡሾች፣ ትርፍ ክርና ትንሽ ካቻቢቴ በአንዲት ከረጢት ሆነው ሳጥኑ ውስጥ፣ ከደወሉ ሥር ተቀምጠዋል። ከረጢቷ ላይ የተለወጠው ነገርና ቀኑ ተጽፏል። ቀጥሎ ሆርኑን የሚረከበው ልጅ እጁ ረጅም ከሆነ፣ አንጥረኛው መንጠቆውን ወደ ቦታው ይመልስለታል።